አስናቀውን የመታው
ቅንጣት ታህል ዋሽቼ ከሆነ አንደበቴ ይዘጋ! በዚያ በደርግ ዘመን፣ ሱዳን አገር፣ በገዳሪፍ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አስናቀው ራሱን ተፈንክቶ ተጋድሞ ነበር፤ ከጆሮው የሚወርደው ደም የአትባራን ወንዝ ያስንቃል። እንደኛው ስደተኛ የሆነው ሐኪም ቀና ሊያደርገው አንገቱን ይዞ፣ «ምን መታው?» አለ።

«ሠላሳ ሽፍታ!» አልሁ። «ሃያ ዘጠኙን እኔ ስመልስ፣ አንዱ አምልጦኝ በዱላ አገኘው!»

የአስናቀው ዐይን ወደ ላይ ተገለበጠ። ሚስቱ ሸጊቱ የሐኪሙን እጅ ቀስ ብላ ያዘች።

«ቀና አያድርጉት፣ በአንገቱ ነው የወደቀ» አለች። «ሽፍታ የሚባል አላየንም። ሰሊጥ በጫነ ሎሪ አናት ላይ ሆነን ስንመጣ ቅርንጫፍ መትቶ ጣለው። ከፊት የሚቀመጥ ሰው ዛፍ ሲያይ ‹ጎንበስ በሉ!› ብሎ ይጮኻል። ከፊት የነበሩት እኒህ አያ ታከለ ናቸው፤ ለመንገዱ ጀርባቸውን ሰጥተው ስለ ጀግንነታቸው ያወሩልን ነበር።»