አየሩ ይበቃኛል

ሁለተኛውን ቀዳዳ ያገኘችው ሥራው ሊያልቅ ሲል ነበር። ከዐይኑ ግርጌ፣ ሰው ፈልጎ ካልሆነ በማያየው ጥግ፣ የጤፍ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ። ዶክተር ወንጌላዊት ከማይክሮስኮፑ ቀና ሳትል በረጅሙ ተነፈሰች። ወገቧ ከጠዋት ጀምሮ ዕረፍት እየለመናት ነው።

“ምን አገኘሽ?” አሉ መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ከአረንጓዴው ጨርቅ ስር። የደነዘዘው ዐይናቸው ብቻ ነው፤ ጆሯቸው ትንፋሿን እንኳ ይሰማል።

“ትንሽ ይታገሡኝ፣ መሪጌታ።”

ፈሳሹን መጥጣ አየር አስገባች። ተላቆ የነበረው ሬቲና፣ ያ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ እንደ እርጥብ ወረቀት ወደ ቦታው ተመልሶ ተለጠፈ። የቀዳዳዎቹን ዙሪያ በሌዘር ተኮሰች። ከዚህ በኋላ ሬቲናው እስኪጠግግ ድረስ ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው ነገር ያሻዋል።

ትናንት የተስማሙት በአየር ነበር። አየር በሳምንት ውስጥ ከዐይን ይጠፋል፤ ከላይ ያለው ቀዳዳ ብቻ ቢሆን ይበቃ ነበር። ለታችኛው ግን ቆይቶ የሚደግፍ ጋዝ ነው የሚሻለው። ትናንት ይህን ስታስረዳቸው “ጋዝ ስትዪ የኩራዙን ነው?” ብለው አስቀዋታል። አሁን ነርሱ ሀዲስ ጋዙን በስሪንጅ ቀድቶ፣ ከጎኗ ቆሞ ይጠብቃታል። የመሪጌታ ግራ ዐይን በዚሁ ሕመም ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። የቀራቸው ይኸው ነው።

“መሪጌታ፣ ከታችም ሌላ ቀዳዳ አለ። በአየር ብቻ ከተውሁት ተመልሶ ሊላቀቅ ይችላል። ጋዝ ላድርግልዎት።”

“ጋዝ ከሆነ መቼ ነው የምሄደው?”

“ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ ባሕር ዳር ይቆያሉ። ሦስት ሳምንትም ሊፈጅ ይችላል። ከወረታ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ ከፍታ ላይ ሲወጡ ጋዙ ዐይንዎ ውስጥ ይነፋል። ግፊቱ ዐይኑን ይገድለዋል።”

የልብ ምታቸውን የሚከታተለው መሣሪያ ብቻ ጢጥ፣ ጢጥ ይላል።

ባለቤታቸው ወይዘሮ አደይ ከጉና ተራራ ስር፣ ክምር ድንጋይ በምትባለው ከተማ፣ በጉበት በሽታ ተኝተዋል። ሐኪሞቹ ከእንግዲህ ቤታቸው ይሁኑ ብለው መልሰዋቸዋል። መሪጌታ ጥለዋቸው የወረዱት ዐይናቸው ላይ መጋረጃ ወርዶ መንገድ ሲጠፋባቸው ነው።

“ወደዚህ ማምጣት አይቻልም?” አለች ወንጌላዊት።

“አትነሣም። ከጎን ወደ ጎን የምገለብጣት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ሲነካት ትጮኻለች። አሁን ማን እየገለበጣት እንደሆነ እንጃ። እኔ ጣና ዳር ተደፍቼ መርዶዋን ልጠብቅ?”

“ልጅዎ ኪዲ ውጭ ናት። ላስጠይቃት?”

“ተያት። ኪዲ ዐይኔን ነው የምትመርጠው። እናቷ ስታልፍ ደግሞ ጸጸቱ የእሷ ይሆናል። አንቺ ብትሆኚስ ምን ታደርጊ ነበር?”

ይህን ጥያቄ ስንት ሰው ጠይቋታል! ዛሬ የምትመልስበት ጉልበት የላትም።

“እኔ የማየው ዐይኑን ነው፣ መሪጌታ። ዐይኑ ጋዝ ይፈልጋል።”

“እውነትሽን ነው። ያለ እሷ ዐይን ምን ይሠራልኛል ልልሽ ነበር። ውሸት ነው። ዐይንማ ለብዙ ነገር ይሆናል፤ መጽሐፉ አለ፣ ተማሪዎቼ አሉ። ግን አየሩ ይበቃኛል። በሳምንቱ ልሂድላት።”

“ጨርሶ ሊታወሩ ይችላሉ።”

“ሰማሁሽ፣ ልጄ። ሰምቼ ነው ያልሁሽ።”

ወንጌላዊት ስሪንጁን ከሀዲስ እጅ ተቀበለች። ጨርቁ ስር ሆነው አያዩም። ብትገፋው አፍታ አይፈጅባትም። ነገ ትነግራቸዋለች፤ ይቆጣሉ፣ ያለቅሳሉ፣ ግን ያያሉ። ሀዲስ ዐይን ዐይኗን ያያታል። አውራ ጣቷ ስሪንጁ ላይ ቆየ።

“መልሰው” አለችው በመጨረሻ። ድምጿ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት።

ዐይኑን ዘግታ አሰረች፤ ጨርቁን ገፈፈች። ደግፋ ከአልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጠቻቸው። አየሩ ከኋላ ያለውን ሬቲና እንዲደግፍ ፊታቸው ወደ መሬት መደፋት አለበት። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ግንባራቸው ላይ አደረገችና ቀስ አድርጋ ወደ ታች ይዛቸው ወረደች።

“እንዲህ ነው። ቀና እንዳይሉ።”

“እሺ።”

መጀመሪያ አንገታቸው ራሱን ችሎ ነበር። ቀስ በቀስ ክብደቱ ወደ መዳፏ መጣ። ትንፋሻቸው ረዘመ፣ ትከሻቸው ወረደ። ተቀምጠው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስንት ሌሊት ሳይተኙ እንዳነጉ ያን ጊዜ ገባት።

“ዶክተር፣ ቀጣዩ በሽተኛ ቀርቧል” አለ ሀዲስ ከበሩ።

በሌላው እጇ ዝም እንዲል ምልክት ሰጠችው። ክንዷ እየዛለ፣ የሽማግሌውን ግንባር እንደያዘች ቆመች።