የዮአዳን ጉትቻዎች

እስከ ቅዳሜ ድረስ፣ የአራት ዓመቷ ልጃችን የዮአዳን የግራ ጆሮ ጉትቻ ጆሃንስበርግ፣ ሮዘተንቪል ሰፈር ባለው ጓሯችን እንደጠፋ ነበር። የቀኙን እናቷ አለምወርቅ በቀይ ክር አጥብቃላት፣ እንዳደረገችው ከተማው መቃብር ቀበርናት።

ያገለገለ የብረት መፈለጊያ በርካሽ ገዛሁ። መጀመሪያ ሳንቲም ቀብሬ ሞከርኩት፤ ጮኸ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው ቆርኪ ብቻ ሆነ።

"ዛሬም ቆርኪ ነው፣ ታዬ?" አለች አለምወርቅ። "እሷን አንዷን ጉትቻ ብቻ አግኝልኝ።"

ቅዳሜ አጥሩ ሥር ጮኸ። የግራውን ጉትቻ በአሥር ሴንቲሜትር ጥልቀት አገኘሁት። አለምወርቅ ጨብጣው አለቀሰች። ጉድጓዱን ከመድፈኔ በፊት መሣሪያውን ደግሜ አሳለፍኩት፤ ከጎኑ ጮኸ።

የቀኙም በዚያው ጥልቀት ነበር፤ ቀይ ክሩ አልተፈታም። በመካከላቸው ያለውን ርቀት ለካሁት፤ አሥራ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ከጆሮ እስከ ጆሮ።