በር የሚከፍት ጉርሻ

ስንዱና ባሏ ማንያዘዋል ከተኳረፉ ሰንብተዋል። ቤት አስዋቢዎቹ «ሰው ያቀራርባል» ብለው የሠሩት ሳሎን ደግሞ ኩርፊያ አይወድም፤ ሶፋዎቹን ጉልበት ለጉልበት አጋጥሞ በሩን ቆለፈባቸው። እንደ ዘመኑ ቤት ሁሉ፣ የተኳረፉ ባልና ሚስት ካልተጎራረሱ አይከፍትም።

«አፍሽን ክፈቺ፤ ሥራ ረፍዶብኛል» አላት፣ ከቁርሱ ፍርፍር ጠቅልሎ።

«እጅህን ታጥበሃል?» አለችውና ጉርሻውን እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠችው። በተራዋም አፉ ውስጥ ጠቀጠቀችበት። በሩ ተከፈተ። ማንያዘዋል እያላመጠ፣ ደህና ዋይ እንኳን ሳይላት ወጣ።

ከመኝታ ቤት ብቅ ያለችውን ትንሿን ልጇን ስታይ ግን ሆዷ ባባ። ከፍርፍሩ ለስለስ ያለውን መርጣ ጠቀለለችና፣ «በሞቴ፣ ይህቺን ብቻ» አለቻት።

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ከደነች።

«እማዬ፣ እኔና አንቺም ተጣላን እንዴ?»