ጨው የበዛበት ቤት

ቤት ሻጭ ሁሉ ግድግዳው የሰማውን ለገዢ እንዲያሰማ ከታዘዘ ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው ጨዋ ሆኗል፤ ቤቱ ዋጋ እንዳያጣበት።

ትርንጎና ባሏ ላቀው በጠዋት ወጥተው ሁለት ቤት አዩ። ደላላው ባንተይርጉ አያት ሰፈር ያለውን ቤት ግድግዳ መታ ሲያደርገው ሳቅ ብቻ ወጣ። በአሥር ዓመት አንድ ልጅ እንኳ አላለቀሰበትም። ሻጮቹ መላእክት መሆን አለባቸው፤ ክንፋቸውን የት እንደሚሰቅሉት ግን አልታየም።

የኮተቤው ቤት ገና ሲነካ ጮኸ።

"ወጡ ጨው በዝቶበታል!"

"እንግዲያው እናትህ ትሥራልህ!"

በር ጓ ብሎ ተዘጋ። ቆየት ብሎ፣ "በይ ነይ፣ ብቻዬን አይወርድልኝም" የሚል ድምፅ ተከተለ።

"ይሄኛው ርካሽ ነው" አለ ባንተይርጉ አፍሮ።

ከዚያ እነ ትርንጎ ሊሸጡት ያሰቡትን ቤታቸውን ሊገምት አብሯቸው መጣ። ከግድግዳው የወጣው የማንኪያና የሳህን ድምፅ ብቻ ነበር። ባልና ሚስቱ ስድስት ዓመት ሙሉ የተጣሉትም የታረቁትም አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው፣ በስልክ እየተጻጻፉ ነው።

"እንከን የለሽ!" አለ ደላላው። "ሰው የኖረበት አይመስልም እኮ!"

ላቀው በኩራት ፈገግ አለና አጠገቡ ለተቀመጠችው ሚስቱ "የትኛውን እንግዛ?" ብሎ ጻፈላት።

ትርንጎ ስልኳን አስቀመጠችና ጣሪያው እስኪናጋ ጮኸች። "ጨው የበዛበትን!"

ባንተይርጉ ራሱን ያዘ። "ኧረ እትዬ ትርንጎ! የቤትዎን ዋጋ ጣሉት እኮ!"

ላቀው ስልኩን ሊያነሳ እጁን ሰደደ፤ ከዚያ ተወውና እንደ ዛገ የበር ማጠፊያ በሚንቋቋ ድምፅ፣ "ዱሮም ጨው ታበዢያለሽ" አላት።