የተሸነፈው ይመርቅ

እጅ ተቆጠረና የእድሩ የለቅሶ ድንኳን ለሰርግም እንዲውል ተወሰነ። «የለቅሶ ድንኳን ለሙሽራ!» አሉ ጡረተኛው መምህር። ከዘራቸውን አንስተው ወደ በሩ አመሩ። የመቱ ከተማ ዝናብ የአዳራሹን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ጋሼ፣ ወዴት ነው? ስብሰባው እኮ አልተመረቀም» አለቻቸው የድሮ ተማሪያቸው። አሁን ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች፤ ስለ ዴሞክራሲ የምትጽፈው መጽሐፍም የተነሳው ከእሳቸው ሐሳብ ነው። በድምፅ የተሸነፈው ስብሰባውን ይመርቅ፣ ያሸነፈው አሜን ይበል፤ ውሳኔው የሁሉም የሚሆነው ያኔ ነው ይሉ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ሲናገሩት ሰው ፈገግ ብሎ ያልፋቸው ነበር። ዛሬ ግን ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት እድርተኛው በእሷ ጉትጎታ ሐሳቡን ደንብ አድርጎት ነበር።

አዳራሹ በሙሉ መዳፉን ዘርግቶ ጠበቃቸው። በሩ ላይ እንደቆሙ ትንሽ አመነቱ። ከዚያ ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«ድንኳናችን ለቅሶ ብቻ የለመደ አይሁን» አሉ። «እልልታም ይስማ።»

«አሜን!» የሚለው ድምፅ ዝናቡን ዋጠው።

መጥተው ተማሪያቸው አጠገብ ተቀመጡና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አሉ።

«ለካ እንዲህ ያማል» አሏት። «ይህንንም ጻፊው፣ ልጄ።»