የተቀየረው ቁጥር

ወንዳወቅ ቡሬ ከሚገኘው ቤቱ በር ላይ ቆሞ የዲጂታል ቁልፉን ቁጥሮች ለሦስተኛ ጊዜ ነካ። ቁልፉ ጮኸ እንጂ አልከፈተለትም። ከውስጥ ሚስቱ ያይኔአበባ፣ ሰኞ ዕለት እሱ የሰበረውን ክንዷን ታቅፋ ቆማ ነበር። የድሮውን ቁልፍ ቢቀሙት ሌላ አስቀርጾ ይገባ ነበር። የዚህኛው ቁጥር ግን ጠዋት ተቀይሯል።

«እማ፣ ይክፈቱልኝ» አለ።

አብረዋቸው የሚኖሩት እናቱ ወይዘሮ አደይ ተነስተው ወደ በሩ ሄዱ። በሩን ከውስጥ ለመክፈት ቁጥር አያስፈልግም።

«እማማ፣ ይገድለኛል» አለች ያይኔአበባ ቀስ ብላ።

አሮጊቷ እጀታውን ይዘው ትንሽ ቆዩ፤ ከዚያ ለቀቁትና ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተደገፉት።

«ቁጥሩን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፣ ልጄ» አሉት። «ሂድ።»

ከዚያ ወንዳወቅ በሩን በድንጋይ ይመታ ጀመር። በየምቱ ሰውነታቸው ይናጥ ነበር፤ ወይዘሮ አደይ ግን ከበሩ አልተነሱም።