የቴምብሩ ጀርባ

«እጅዎን ያንሡ፣ ጋሼ!» አለ በዛብህ፣ ነጭ ጓንት ያጠለቀ እጁን ጣልቃ እያስገባ።

አድማሴ ደንግጦ ጣቱን ሰበሰበ። በገዛ ልብስ ስፌት ቤቱ፣ የገዛ አልበሙን እንዳይነካ መከልከሉ ነው።

በዛብህ ከአዲስ አበባ የመጣ ቴምብር ገዢ ነው። ያመጣው ደግሞ መምህር ነጋ። አድማሴና ነጋ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ እዚሁ የስፌት መኪናው አጠገብ ተቀምጠው ቴምብር ሲለዋወጡ የኖሩ ወዳጆች ናቸው።

ገዢው አጉሊ መነጽሩን አስጠግቶ ለየቴምብሩ ከዐሥር ነጥብ ይሰጣል። «አራት። ይቺ የዳር ጥርሷ ተሸርፏል፤ ሁለት።»

«እኔ እንኳ በተማሪ ላይ እንዲህ ጨክኜ አላውቅም» አለ ነጋ። ለመሳቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም።

በዛብህ ከነጋ አልበም ዋልያ የተሣለባትን ቴምብር፣ ከአድማሴ ቀይ ቀበሮ የተሣለባትን አወጣ። ትንፋሹን ዋጠ። «ሁለቱም ዘጠኝ! ዋጋ የሚያወጡት ጥንዱ ሲሟላ ነው እንግዲህ። ለየብቻ ግን አልወስድም።»

«ሞተሬን ገዛኋት በለኛ!» ነጋ ብድግ አለ። «እስከ ዘንገና ትምህርት ቤት በእግር መኳተን ቀረ፣ አድማሴ!»

ገዢው ዋልያዋን ገለበጣት። ፊቱ ተለወጠ። በእርሳስ «ከአድማሴ፣ ጥቅምት 1995» ይላል። ሲለዋወጡ ሰጪው ስሙን ከጀርባ ይጽፋል፤ ልማዳቸው ነው። ዋልያዋና ቀበሮዋ መጀመሪያ የተለዋወጧቸው ነበሩ።

«ይሄ ጽሑፍ ካልጠፋ ቴምብሩ ዋጋ የለውም።»

«ጀርባውን ማን ያየዋል?» አለ አድማሴ።

«ፊቱንስ ማን ሊያይ? ፕላስቲክ ውስጥ ታሽጎ፣ ቁጥር ተለጥፎበት ካዝና ነው የሚገባው። ዋጋው እስኪጨምር ይቀመጣል፤ ከዚያ ይሸጣል።»

አድማሴ ወደ ነጋ አየ። አልበሙን አንሥቶ ገዢውን «ሂድልን» ይለዋል ብሎ ጠበቀ። ነጋ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ላከ። ላጲስ አወጣ።

ቀስ ብሎ፣ በመምህር ጥንቃቄ፣ ፈተገው። መጀመሪያ ዓመተ ምሕረቱ ሄደ፤ ከዚያ ወሩ፤ ከዚያ ስሙ። እፍ ሲለው ፍርፋሪው አድማሴ ለስፌት በዘረጋው ጨርቅ ላይ ተበተነ።

«አምጣ ያንተንም» አለ ነጋ፣ ዐይኑን ሳያነሣ። «እኔ ራሴ አጠፋልሃለሁ።»

አድማሴ ቀበሮዋን አነሣ። ከጀርባዋ፣ በዚያ ባማረ የመምህር እጅ፣ «ከነጋ ለወንድሜ» ይላል።

«ሙጫውን በጣትዎ እንዳይነኩ!» ጮኸ በዛብህ። «እርጥበት ከነካው አለቀ!»

አድማሴ ምላሱን አውጥቶ ከዳር እስከ ዳር ላሳት።

«አድማሴ!» አለ ነጋ።

አድማሴ ግን ከጥቁሩ የስፌት መኪና ግንባር ላይ ለጥፏት፣ እስክትደርቅ በአውራ ጣቱ ተጭኖ ቆመ። እጁን ሲያነሣ፣ ጽሑፉ ከብረቱ ጋር ገጥሞ፣ ቀበሮዋ ነጋን ታየው ነበር።